ጥያቄ፦ በተሳሳተ አድራሻ የሚላክልን ትእዛዝ እንዳይመለስ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ከመንዝ የሚመጣ ባና እና ዝተት (የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ) በሚሸጥ ማኅበር ውስጥ ነው። ኢሜይላችን በራሳችን ሰርቨር፣ በፖስትፊክስ (ኢሜይል የሚቀበልና የሚያደርስ ፕሮግራም) ላይ ነው። ለየአካባቢው ትእዛዝ-ሞላሌ፣ ትእዛዝ-መሐልሜዳ እያልን አድራሻ አውጥተናል (አድራሻዎቹ በላቲን ፊደል ናቸው፤ እዚህ በእኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ)። መሐል ሜዳን በላቲን ፊደል ሁሉም እንደመሰለው ይጽፈዋል፤ መልእክቱም ተቀባይ የለም ተብሎ ይመለስበታል። ባለፈው ሳምንት የሠላሳ ባና ትእዛዝ በዚህ ምክንያት ሳይደርሰን ቀረ። ሸማኔዎቻችን ስንት የለፉበት ሥራ ነው!

የትኛው አድራሻ ወደየት እንደሚሄድ በሚጻፍበት በቨርቹዋል ፋይሉ ውስጥ *@ማኅበራችን.ኮም ብዬ ወደ እኔ የኢሜይል ሳጥን መራሁት፤ ፋይሉን ፖስትፊክስ ወደሚያነበው ሠንጠረዥ የሚቀይረውን ፖስትማፕ የሚባል ትእዛዝም አስኬድኩ። ምንም ለውጥ የለም። ኮከቡን አጥፍቼ @ማኅበራችን.ኮም ብቻ ስተው ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛዋም የሊቀ መንበሩም ደብዳቤ ሁሉ እኔ ዘንድ ገባ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት

ወንድሜ፣ በሃሽ ሠንጠረዥ (አድራሻ በቃል በቃሉ በሚፈለግበት፣ ፖስትማፕ በሚሠራው ሠንጠረዥ) ውስጥ ኮከብ ልዩ ትርጉም የለውም፤ ፖስትፊክስ ስሙ በእርግጥ ኮከብ የሆነ ተቀባይ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው አጻጻፍህ ትክክል ነው፤ የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ፖስትፊክስ በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ መጀመሪያ ሙሉውን አድራሻ ይፈልጋል፤ ካጣው ወደ @ዶሜይኑ ይወርዳል። የሳጥኖቹን ዝርዝር የሚያየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ የሒሳብ ሠራተኛዋ ሳጥን ቢኖራትም አድራሻዋ በቨርቹዋል ፋይሉ ውስጥ ስለሌለ የአንተው መስመር ቀድሞ ወሰደባት። ሳጥን ያለውን እያንዳንዱን አድራሻ ወደ ራሱ ምራው፤ በግራም በቀኝም ሒሳብ@ማኅበራችን.ኮም ብለህ ጻፍ። ከዚያ ፖስትማፕ።

መልስ፣ ከፍቼ

የሸዋ ሮቢቱ ወንድማችን ያሉት ልክ ነው፤ እኔ ግን ዶሜይኑን በሙሉ መክፈትህን አጥብቄ እቃወማለሁ። አይፈለጌ መልእክት የሚልኩ ሰዎች ስሞችን በግምት እየደረደሩ ይሞክራሉ። የ@ዶሜይኑ መስመር ከሌለ ሰርቨርህ የማያውቀውን ተቀባይ ገና በር ላይ ይመልሳል፤ ሁሉን ተቀባይ ስታደርገው ያ በር ይጠፋል። የአንተ ችግር «ትእዛዝ-» ብለው በሚጀምሩት ላይ ብቻ ስለሆነ የ@ዶሜይኑን መስመር አጥፋና ለእነሱ ብቻ የሬጌክስ ሠንጠረዥ (አድራሻን በቃል በቃሉ ሳይሆን በቅርጹ የሚለይ) አዘጋጅ። በግራ በኩል እንዲህ ይጻፋል፦

/^ትእዛዝ-.*@ማኅበራችን\.ኮም$/

በቀኝ በኩል ትእዛዞቹን የሚሰበስበው ሳጥን ይግባ። «ኮም» ከሚለው በፊት ካለው ነጥብ ፊት ያለውን ያዘመመ ጭረት (\) አትርሳ፤ ከሌለ ነጥቡ ማንኛውንም ፊደል ይቀበላል። መጀመሪያ ላይ ያለው ^ ከጎደለ ደግሞ «ትእዛዝ-» በመካከሉ ያለው ስም ሁሉ ይያዛል። በፖስትፊክስ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ሠንጠረዦቹ በሚዘረዘሩበት በቨርቹዋል አሊያስ ማፕስ መስመር ላይ ሃሽ የሚለውን አስቀድም፣ ሬጌክስ የሚለውን አስከትል፤ መጀመሪያ የተገኘው መልስ ነው የሚጸናው። ትእዛዝ-ሞላሌ የራሱ ሳጥን ካለው እሱንም በሃሹ ውስጥ ወደ ራሱ ምራው፤ አለዚያ ሬጌክሱ ይወስደዋል። የሬጌክስ ፋይል በፖስትማፕ መቀየር አያስፈልገውም፤ ፖስትፊክስን ሪሎድ ማድረግ (ማዋቀሪያውን እንደገና ማስነበብ) ይበቃል። ሥራ ላይ ሳታውለው ግን በፖስትማፕ -ኪው አንድ የተሳሳተ አድራሻ ጠይቀው፤ የትኛው ሳጥን እንደሚገባ ይነግርሃል።

መልስ፣ ከአንኮበር

አንድ ነገር ልጨምር። የሚሰበሰበውን ወደ ውጭ ነጻ የኢሜይል አገልግሎት አታስተላልፈው። አይፈለጌው ሁሉ ከአንተ ሰርቨር እንደወጣ ይቆጠርና እውነተኛው ደብዳቤህም መታገድ ይጀምራል። ፖስትማስተር የሚለው አድራሻም ምንጊዜም መቀበል አለበት።

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የፍቼውን መንገድ ተከትያለሁ። ከስልኬ ሆነ ብዬ አሳስቼ ወደ «ትእዛዝ-መሀልመዳ» ላክሁ፤ ገባ። በጭራሽ ወደሌለ ስም በላክሁ ጊዜ ደግሞ 550 (ተቀባይ የለም) ብሎ መለሰው። የሒሳብ ሠራተኛዋም ደብዳቤዋ እንደ ቀድሞው እየደረሳት ነው። ለሠላሳው ባና ደንበኛ አሁን ደውዬለታለሁ፤ ትእዛዙን ዛሬ ማታ እንደገና ይልካል።