ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መጠጥ ለማቆም ማን ጋ ልሂድ?

ሰላም31፦
ሰላም እህቶች፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ሌዝቢያን ነኝ። ቤተሰብ ካወቀ ሁለት አመት ሆነው፣ እናቴ ስልኬን አታነሳም። ድሮ የምጠጣው ዲሲ ባር ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር፣ እንደኔ ያሉ ሴቶች የማገኝበት ሌላ ቦታ አላውቅማ። አሁን ግን ቤት ብቻዬን በቀን አንድ ጠርሙስ ወይን እጨርሳለሁ፣ አንዳንዴ ቮድካም ይጨመርበታል፣ ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጣል ያልበኛል፣ ትንሽ ስቀምስ ይተወኛል። ከነገ ጀምሮ እርግፍ አድርጌ ልተወው አስቤያለሁ። ሀኪም ጋ እንዳልሄድ እንግሊዝኛዬ አያስተማምንም፣ አስተርጓሚው ደግሞ ሀበሻ ነው፣ እሁድ ቤተክርስቲያን የማየው ሰው ቢሆንስ?

ነርስ_ሜሪላንድ፦
የኔ እህት እባክሽ ብቻሽን በአንዴ እንዳታቆሚ!! ጠዋት የሚያንቀጠቅጥሽ ሰውነትሽ ስለለመደው ነው፣ ድንገት ሲቀርበት በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ውስጥ ሰው ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሊሞትም ይችላል። በሀኪም ክትትል ከሆነ ግን ለጥቂት ቀን የሚያረጋጋ መድሃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ይሰጥሻል፣ ከዛ በኋላ አምሮቱን የሚቀንስ ናልትሬክሶን የሚባል ኪኒን አለ። አስተርጓሚውን "በስልክ ይሁንልኝ፣ ስሜ አይነገረው" በያቸው፣ አንቺ አትከፍዪም፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ስቴት ያለ ሰው ነው የሚመጣው። የሱስ ህክምና ፋይል ደግሞ በፌደራል ህግ ለብቻው የተጠበቀ ነው።

ቡና_ይሻለኛል፦
አይዞሽ ውዴ፣ እኔም እንዳንቺ ነበርኩ፣ 4 አመቴ ነው ካቆምኩ። የከበደኝ መጠጡ ብቻ አይደለም፣ ጓደኞቼ በሙሉ ባር ነበሩ፣ ፍቅረኛዬም ትጠጣ ነበር። ኤኤ (መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ተሰብስበው የሚደጋገፉበት ማህበር) ውስጥ የጌይና የሌዝቢያን ግሩፕ አለ፣ በዙም ካሜራ ዘግተሽ መስማት ትችያለሽ፣ እኔ ሁለት ወር ሙሉ ምንም ሳልናገር ነው ያዳመጥኩት። ዲሲ ዊትማን ዎከር ክሊኒክም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከኛ አይነት ሰዎች ጋር የሚሰራ ነው፣ እዛ ማን እንደሆንሽ ማስረዳት አይጠበቅብሽም።

ዳላስ_ልጅ፦
እህቴ ጸበል ግቢ፣ ሱሱን ያመጣብሽ ይሄ ጠባይ ነው።

ነርስ_ሜሪላንድ፦
ወንድሜ ጸበሉን እሷ ከፈለገች ትጠመቅ፣ መድሃኒቱን ግን እንዳታቋርጥ። ጠባዩ ነው ያልከው ግን ልክ አይደለም። ቺካጎ ውስጥ ከ2000 ጀምሮ ሌዝቢያን ሴቶችን ለአመታት የተከታተለ ጥናት አለ፣ ከከባድ መጠጥ ጋር ተያይዞ የተገኘው በልጅነት መደፈር፣ በትንሽ እድሜ መጠጣት መጀመርና ድብርት ነው። እድሜ ልክ መደበቅና በቤተሰብ መገፋትም ሰውን ያደክማል። እናቷ ስልክ ብታነሳላት ኖሮ ዛሬ እዚህ ትጽፍ ነበር?

ሰላም31፦
አመሰግናለሁ፣ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። የአሜሪካ መንግስት የሱስ እርዳታ መስመር ጋ 1-800-662-4357 ደወልኩ፣ ነጻ ነው ሌሊትም ይሰራል፣ የተሰጠኝ ቦታ ለሐሙስ ቀጠረኝ። እስከዛ ግን ልጠጣ ነው?

ነርስ_ሜሪላንድ፦
ጎበዝ! አዎ፣ እስከዛ በአንዴ አትቁረጪው፣ አትጨምሪበትም፣ ምግብ ብዪ፣ መኪና አትንጂ፣ ማታ ሰው አብሮሽ ይደር። መንቀጥቀጡ ከባሰ ወይ ከተዘባረቀብሽ ሐሙስን ሳትጠብቂ ለድንገተኛ እርዳታ 911 ደውዪ።

ቡና_ይሻለኛል፦
ሐሙስ በስንት ሰአት ነው? በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እኔ አደርስሻለሁ።