ለደላንታ ጤና ጣቢያ ዕቃ ለመላክ፦ በማን ስም ይግባ?

ወይንሸት (ዴንቨር)
እንዴት ናችሁ የወሎ ልጆች። ሆስፒታሎች የተዉትን ዕቃ እየፈተሸ ወደ ውጭ የሚልክ መጋዘን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ የምንሠራ 11 ሰዎች ነን። ለምን ለደላንታ አንድ ጤና ጣቢያ አንልክም ብለን ተነሳን። 9,200 ዶላር ተዋጥቷል። 4 የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ኦክስጅንን ከአየር የሚለይ ማሽን)፣ 2 አውቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክን) እና 6 አልጋ ቃል ተገብቶልናል። ጭንቀቴ ሁለት ነው። ገንዘቡ በእኔ የግል ሒሳብ ነው ያለው፤ ታክስ ይመጣብኛል? ደሴ ያለው አጎቴ ደግሞ «በእኔ ስም ይግባ፣ እኔ አስለቅቀዋለሁ» እያለ በየቀኑ ይደውላል። እምቢ ብለው ይቀየማል።

ሰይድ (ሚኒያፖሊስ)
አብሽሪ እህቴ። ለዓላማ የተሰጠ መዋጮ በጥቅሉ የአንቺ ገቢ አይደለም። ግን ማን ስንት እንደሰጠ መዝግቢ፣ ከደሞዝሽ ጋርም አታደባልቂው። በግል ሒሳብ እስካለ ድረስ የሰጡት ሰዎች ከታክስ ላይ አይቀነስላቸውም።

ማኅበር አድርጉት። በግዛታችሁ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ብላችሁ ታስመዘግባላችሁ። መመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ ዓላማውና ሲፈርስ ንብረቱ ለሌላ በጎ አድራጎት እንደሚተላለፍ ይጻፍ። ከዚያ የአሠሪ መለያ ቁጥር፣ ከዚያ ከታክስ ነፃ የመሆን ፈቃድ የሚጠየቅበት ቅጽ 1023-ኢዜድ። የሚፈቀደው በሚቀጥሉት 3 ዓመታት ገቢያችሁ በዓመት ከ50,000 ዶላር፣ ንብረታችሁም ከ250,000 የማያልፍ ከሆነ ነው። ክፍያው 275 ዶላር ነው። ከተመሠረተ በ27 ወር ውስጥ ካስገባችሁ ፈቃዱ ወደ ኋላ እስከ ምሥረታው ቀን ይቆጠራል። ብዙ የአገር ልጅ ማኅበር የሚወድቀው ከዚያ በኋላ ነው። በየዓመቱ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ የሚላከውን አጭር ቅጽ 990-ኤን መሙላት ይረሳሉ፣ 3 ዓመት ተከታትሎ ከቀረ ፈቃዱ በራሱ ይሰረዛል። አንድ ቀሪ ነገር፦ «ለእገሌ ይድረስ» ተብሎ ለአንድ ሰው የታሰረ ገንዘብ ልገሳ አይባልም። አጎትሽ ጋ የሚያያዘው እዚህ ላይ ነው።

ኃይሉ (ስቱትጋርት)
እዚህ ጀርመን ማኅበር ለማስመዝገብ 7 መሥራች ይፈለጋል፣ ወዲያ ወዲህ የለም። እናንተ 11 ናችሁ፣ እዛ ቀላል ነው።

መኮንን (ዳላስ)
ወረቀቱ ይቆይ፣ ከዕቃው ጀምሩ። ከማሽኑ ኋላ ያለውን የብረት መለያ አንብቡ። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል? ኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፣ ኸርዙን አይነካም። ለ60 የተሠራ ኮምፕረሰር በ50 ሲሽከረከር ፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ይግላል፣ ኦክስጅኑም ይሳሳል። 220/50 የሚል ብቻ ምረጡ።

ከዚያ ከፍታው። መለያው ላይ በጫማ ነው የሚጻፈው። 7,500 ጫማ የሚል ካያችሁ 2,286 ሜትር ማለት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ የደላንታ አምባ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ያ ማሽን እዛ ለመሥራቱ አምራቹ ዋስትና አይሰጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ለኮንሰንትሬተር የሚጠይቀው ዝቅተኛ ንፅህና 82 በመቶ ነው። አንድ የኦክስጅን መለኪያ አብሮ ካልሄደ ማሽኑ ኦክስጅን ይስጥ ተራ አየር ማንም አያውቅም። መጋዘን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ የቆየም አይላክ፤ ናይትሮጅኑን ከአየር የሚለየው በውስጡ ያለው ዚዮላይት እርጥበት ከጠጣ አለቀለት።

አውቶክሌቩ የባሰ ነው። ባለሙያው የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 15 ፒኤስአይ ሲል 121 ዲግሪ ደረሰ ይላል። ያ በባሕር ወለል ነው። ጌጅ የሚለካው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ነው፣ የደሴ አየር ደግሞ በ4 ፒኤስአይ ገደማ የቀለለ ነው። እዛ ጌጁ 15 ሲል ውስጡ 116 ወይም 117 ዲግሪ ነው። 121 ለመድረስ 19 ያህል ማንበብ አለበት። የደህንነት ቫልቩ ከዚያ በፊት የሚከፈት ከሆነ ማሽኑን ተዉት፤ ቫልቩን አጥብቆ ማሰር ሰው መግደል ነው። በሙቀት ዳሳሽ የሚሠራ አውቶማቲክ ከሆነ ይሻላል። እሽጉ ላይ የሚለጠፈው ቀለም የሚቀይር ፕላስተር መጋገሩን እንጂ መምከኑን አይነግርም፤ በየእሽጉ ውስጥ የሚገባው የጊዜና የሙቀት መለኪያ ወረቀት አብሮ ይሂድ።

መጋዘኑ ውስጥ በየማሽኑ ላይ የምታንጠለጥሉት ካርድ አለ አይደል፣ መቼ ተፈተሸ፣ ምን ጎደለው የሚለው? ምንም ዕቃ ባትልኩ እንኳ ያንን ልማድ ላኩ።

እትዬ ዘሐራ (ስቶክሆልም)
እናንተ ልጆች፣ ማሽን ማሽን ትላላችሁ። እኔ ስለ ቅሬው ልጠይቅ። ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚተክለው፣ ንፍሮውን የሚቀቅለው፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል የሚያስተዛዝነው ቅሬ ነው። የቅሬ ዳኛ እያለ ማኅበር፣ ቅጽ፣ ቁጥር ምን ያደርጋል? ጥቅምት ላይ የጦሳን ተራራ ጉም ሲያለብሰው፣ ሰኞ ገበያ የጠጅ ሳሩ ሽታ... ተዉኝ እንጂ፣ ክፍለ አገሩን እዚህ ሆኜ ያሸተትኩት መሰለኝ። ብሩን ለቅሬው ስጡት።

ጌታቸው (ዋሽንግተን)
እትዬ ዘሐራ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ቅሬው ግን ዕቃ ከጉምሩክ ሊያስለቅቅ አይችልም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ጤና ጣቢያው የሚያስፈልገውን ዝርዝር ጽፎ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በኩል ለደቡብ ወሎ ዞን ጤና መምሪያ፣ ከዚያ ለክልሉ ጤና ቢሮ ይልካል። ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ የሚጠየቀው ዕቃው ሳይጫን ነው። ዕቃው ባሕር ላይ ሳለ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ጂቡቲ ላይ የመጋዘን ኪራይ ይከፍላል። የልገሳ ሰርተፍኬት፣ የእሽግ ዝርዝር፣ ዋጋ የተጻፈበት ኢንቮይስ (ስጦታም ቢሆን ዜሮ አይጻፍም) እና የመርከብ ጭነት ሰነድ ያስፈልጋሉ። በአራቱም ላይ ተቀባዩ አንድ ዓይነት ስም፣ ያው ተቋሙ፣ መሆን አለበት። በግለሰብ ስም ከገባ ቀረጡ እንደ ንግድ ዕቃ ይታሰባል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ እንዲራገፍ ከፈለጋችሁ ከጭነቱ በፊት ሰነዱ ላይ ይጻፍ።

ከደረሰ በኋላ ጤና ጣቢያው ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ይቁረጥ፣ የየማሽኑ መለያ ቁጥር እየተጻፈ። ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ዕቃ ነገ ቢጠፋ የሚጠየቅ የለም።

ሰይድ (ሚኒያፖሊስ)
ኢትዮጵያም ውስጥ ድርጅት ይመዝገብ እላለሁ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከድሮው ይሻላል። ለአስተዳደር ከገቢው ከ20 በመቶ በላይ አይወጣም፣ ይህ ለጋሽን ያሳምናል።

ጌታቸው (ዋሽንግተን)
ለ4 ማሽንና 6 አልጋ ድርጅት? ኦዲተር ልትከፍሉ ነው? ከጤና ጣቢያው ጋር የመግባቢያ ሰነድ ይበቃል።

መኮንን (ዳላስ)
እኔ እንዲያውም አትጫኑ ባይ ነኝ። 9,200 ዶላሩን ወደ ባንክ ላኩና አዲስ አበባ ከ3 አስመጪ ፕሮፎርማ ሰብስቡ፣ ክፍያው በቀጥታ ለሻጩ ይሁን። 220 ቮልት፣ ዋስትና ያለው፣ መለዋወጫው አገር ውስጥ የሚገኝ ይገዛል። የወሎ ጤና ተቋማት በ2014 ከተዘረፉ በኋላ የመጣ ሁሉ ተቀብለዋል፤ የአሜሪካ ሶኬት ያለው አልጋ ምን ያደርግላቸዋል?

ሰይድ (ሚኒያፖሊስ)
አልጋ በእጅ የሚዞርም አለ ጋሽ መኮንን። የኤሌክትሪኩን ትታችሁ የእጁን ውሰዱ። ነፃ የተገኘ አልጋ አይጣልም።

መኮንን (ዳላስ)
ነፃ አይደለም። ጎማው ከተሰበረ ምትኩ የት ይገኛል? በየሆስፒታሉ ጓሮ የተከመረው ዕቃ ሁሉ አንድ ጊዜ ነፃ ተብሎ የመጣ ነው።

እትዬ ዘሐራ (ስቶክሆልም)
አሁን ደግሞ ተጣሉ! ለልጅቷ መልስ የሰጣት አለ?

ወይንሸት (ዴንቨር)
ቅጹንና ሰነዱን ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አጎቴን ምን ልበለው? ዛሬም ሁለት ጊዜ ደውሏል።

ጌታቸው (ዋሽንግተን)
ሥራ ስጪው። ርክክቡ ቀን ሄዶ የሞዴል 19ኙን ቅጂ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ፣ ለመሄጃው የአውቶቡስና የምሳ ክፈሉት።

እትዬ ዘሐራ (ስቶክሆልም)
አይ ጌታቸው! አጎት በአውቶቡስ ትኬት ይታለላል? ደግሞ ብቻውን አይሂድ፣ ከቅሬው ሁለት ሽማግሌ ይከተለው።

መኮንን (ዳላስ)
ወይንሸት፣ ለአጎትሽ ከመደወልሽ በፊት የአራቱን ኮንሰንትሬተር መለያ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው። ቮልቱ፣ ኸርዙና ከፍታው የተጻፈበት በኩል።