ገቢያችን ወጥ አይደለም፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት)
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ የቀን ሥራ ነው የሚሠራው። አንዳንድ ሳምንት ስድስቱንም ቀን ይገባል፣ አንዳንዴ ሁለት ቀን ብቻ። እኔ ቤት ሆኜ ልብስ እሰፋለሁ። የኪራይ ቀን ሲደርስ ግን ሁሌም ይጎድለናል። ያለፉትን ሦስት ወራት በወር 10 በመቶ ወለድ ከሚያበድር ሰው ወስጄ ነው የሞላሁት። ሌሎች ሁለት ሰዎች ደግሞ ያለ ወለድ አበድረውኛል። የስፌት መኪናዬን ሸጬ ሁሉንም ልገላገል እያልኩ ነው። ምን ትላላችሁ?

በያጁ
እህቴ፣ መኪናሽን እንዳትነኪ! እኔ የብየዳ ማሽኔን ሸጬ ዕዳ ከፍያለሁ። ሁለት ወር እፎይ አልኩ። ከዚያ ሥራ ሲመጣ ማሽን እየተከራየሁ ስሠራ ትርፉን አከራዩ በላው። መሸጥ ካለበት ቴሌቪዥኑ ይሸጥ።

ሒሳብ ሠራተኛ
10 በመቶ ሲሉት ትንሽ ይመስላል። ወለዱ ወለድ እየወለደ ከሄደ ግን የተበደርሽው 100 በ12 ወር 314 ይገባል። ስለዚህ የተረፈሽ ሳንቲም ሁሉ መጀመሪያ ወደዚያ ሰውዬ። ያለ ወለድ ያበደሩሽንም ዝም አትበያቸው። ቀኑ ሳይደርስ ሄደሽ «በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ልስጣችሁ» በያቸው። ሰውን የሚያናድደው ስልክ የማያነሳ ተበዳሪ ነው።

የቀን ሠራተኛ
የእኔም ገቢ እንደ ባለቤትሽ ነው። የስምንት ሳምንት ገቢዬን ጻፍኩና ትንሹን ሳምንት የቤቱ በጀት አደረግኩት። ከዚያ በላይ የመጣው ወደ ጣሳ ይገባል። ኪራዩን ደግሞ ለ4 ከፍዬ ቅዳሜ ማታ፣ ብሩ እጄ ላይ እያለ፣ ፖስታ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ልጄ ፖስታው ላይ ቤት ስላበታለች፤ አሁን ለመንካት አፍራለሁ። አምስት ቅዳሜ ያለው ወር ሲመጣ አምስተኛው ለሕክምና ይቀመጣል። እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አልሞላልኝም ነበር።

ቁጠባ ይቅደም
ይቅርታ፣ ችግሩ አባካኝነት ነው። ቆጥቡ!

ሒሳብ ሠራተኛ
ከምኑ ላይ ወንድሜ? እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት አለ። የሕንድ ሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊትና በኋላ የማሰብ ችሎታቸውን ፈተኗቸው። እነዚያው ሰዎች እጃቸው ባጠረበት ወቅት ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። እህቴ፣ አንቺም ጭንቅላትሽ በዞረበት ቀን አዲስ ብድር አትፈርሚ። አንድ ሌሊት እደሪበት። ደግሞ ልጠይቅሽ፣ ለስፌት ቀብድ ትቀበያለሽ?

የሁለት ልጆች እናት
ኧረ አልቀበልም! ጥያቄህን እንዳየሁ ደብተሬን አገላበጥኩ። ሰባት ሰው ልብሱን ወስዶ አልከፈለኝም። ስደምረው የአንድ ወር ኪራይ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እኔ በ10 በመቶ እየተበደርኩ ለሰው በነፃ አበድራለሁ ማለት ነው። መኪናዋን አልሸጥም። ከነገ ጀምሮ ግማሹን ያልከፈለ ሰው ጨርቅ አልቆርጥም። ጎረቤቴን ግን ምን ብዬ ልጠይቃት? ሦስት ቀሚስ አለባት፤ ስወጣም ስገባም እንገናኛለን።

በያጁ
«የክር መግዣ አጣሁ» በያት። ውሸትም አይደለም።