«የወረቀት ንጉሥ»፦ ጃማይካ ነጻ ናት ወይስ አይደለችም?

ሬዲዮ አድማጭ፦ ትናንት ማታ በሬዲዮ የቀረበ አንድ እንግዳ «ጃማይካ እስከ ዛሬ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ናት፤ ንጉሧ ለንደን ነው የተቀመጠው» ሲል አዘጋጁ አንድ ጥያቄ እንኳን ሳያነሣ አሳለፈው። ይህን ያህል ዕውቀት ይዞ ማይክሮፎን ፊት መቀመጥ እንዴት ያስችላል? ሀገሪቱ ኦገስት 6 ቀን 1962 ነጻ ወጥታለች (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው)። የራሷ ፓርላማ፣ የራሷ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የራሷ ጦር አላት። ቻርልስ ሦስተኛው በጀቷን አያይም፣ ሕጓን አያረቅም። የወረቀት ንጉሥ ነው፤ አለቀ።

ለንደን የከረመች፦ የወረቀት ከሆነ ለመቅደድ ስልሳ ዓመት ለምን አነሳቸው?

ሬዲዮ አድማጭ፦ ስላልከበዳቸው ነዋ። የማይከብድ ሸክም ለማውረድ ማን ይቸኩላል?

ለንደን የከረመች፦ አብራኝ የምትሠራ ጃማይካዊት አለች። እናቷን ለልጇ ሠርግ ልታስመጣ ስትል ያየሁትን ልንገርህ። ሰማያዊ የፕላስቲክ ማኅደር ገዛች። በውስጡ የእናትየዋ የባንክ ደብተር ቅጂ፣ የቤት ካርታ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር ደብዳቤ፣ የእርሷ የስድስት ወር የደመወዝ ደረሰኝ። በምሳ ሰዓት ገጹን እየገለጠች ትቆጥራለች፣ እንደገና ትቆጥራለች። ከጃኑዋሪ 2003 ጀምሮ ጃማይካዊ ያለ ቪዛ እንግሊዝ አይገባም። ርእሰ ብሔሩ እዚህ ነው ያለው፤ ዜጋው ግን የቤተ መንግሥቱን አጥር ከውጭ ለማየት እንኳን ያን ሁሉ ወረቀት መደርደር አለበት። ለአንተ ወረቀት ቀላል ነው።

ሬዲዮ አድማጭ፦ ይህ የቪዛ ጉዳይ ነው፤ ከነጻነት ጋር ምን አገናኘው? እንዲያውም እኔን ነው የሚደግፈው። ቅኝ ግዛት ቢሆኑ ቪዛ ባልተጠየቁ።

ለንደን የከረመች፦ እግዚአብሔር ያሳይህ! ጥቅሙ ሲቀር ዘውዱ ብቻ የቀረለት ሕዝብ ማለት እኮ ነው።

ሕግ አንባቢ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። በኪንግስተን የንጉሡ እንደራሴ አለ፤ ከ2009 ጀምሮ ሰር ፓትሪክ አለን ናቸው። ሕግ የሚጸድቀው በእሳቸው ፊርማ ነው፣ የሚፈርሙት ግን መንግሥት ያለውን ነው። እስከዚህ ድረስ «የወረቀት» የሚለው ያስኬዳል። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ ራሱ በ1962 ከለንደን የወጣ የንግሥቲቱ ትእዛዝ አባሪ ሆኖ ነው የተጻፈው። ወረቀቱን የጻፈው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀልድ አይደለም።

መቅደዱም ቀላል አይደለም። ዘውዱን ለማንሣት በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከዚያም ሕዝበ ውሳኔ ያስፈልጋል። በላይኛው ምክር ቤት 21 ወንበር አለ፤ 13ቱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ 8ቱ በተቃዋሚው መሪ አቅራቢነት ይሾማሉ። ሁለት ሦስተኛው 14 ነው። ገዥው ፓርቲ ምርጫውን ጠራርጎ ቢያሸንፍ እንኳን አንድ ተቃዋሚ ካላገኘ በዚህ መንገድ አይችልም። ባርቤዶስ በኖቬምበር 30 ቀን 2021 ሪፐብሊክ የሆነችው የእርሷ ሕገ መንግሥት በፓርላማ ድምፅ ብቻ ስለሚፈቅድ ነው። ስለዚህ «ባርቤዶስ ስትችል ጃማይካ ምን ነካት» የሚል ሰው ካለ ከወዲሁ ይተወው።

የድሮ ሰው፦ ልጆች፣ ንጉሥ ያወረደ ሁሉ አለፈለት? እኛ በመስከረም 2 ቀን 1967 በቮልስዋገን ጭነን ሸኘን። ምን አተረፍን?

ሬዲዮ አድማጭ፦ ጋሼ፣ ርእሱ ጃማይካ ነው።

የድሮ ሰው፦ እኔም ስለ ጃማይካ ነው የምናገረው። ያን ንጉሥ እኛ ስናወርድ እነርሱ አምላክ ነው ይሉት ነበር።

የሻሸመኔ ልጅ፦ ጋሼ እውነታቸውን ነው። ጃማይካዊ ንጉሥ አይጠላም፤ የሚጠላው ቦታው የማይገባውን ንጉሥ ነው። ጃንሆይ ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ የጥበቃውን ገመድ ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበ፤ ጃንሆይ ከደረጃው ራስ ደርሰው መውረድ አልቻሉም። ሞርቲሞ ፕላኖ የተባለ የራስታዎች መሪ ወጥቶ ነው መንገድ ያስለቀቀላቸው። እስቲ ለእንግሊዝ ንጉሥ እንዲህ የሆነ ካለ ንገሩኝ። እኔ ያደግሁት ጃንሆይ በሰጡት አምስት ጋሻ አጠገብ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ንጉሥ ሲሉ ማንን ማለታቸው እንደሆነ የሰፈር ሕፃን ያውቃል።

ለንደን የከረመች፦ ወንድሜ፣ የአንተ ሰፈር ጃማይካ አይደለም። በ2011 ቆጠራ ራስታ ነኝ ያለው 30 ሺህ አይሞላም፤ ከመቶ አንድ ገደማ ነው። አብዛኛው ፕሮቴስታንት ነው፣ እሑድ እሑድ ኮፍያውን አጥልቆ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ። እኛ ጃማይካ ስንባል ድሬድሎክና ባንዲራችን ብቻ ነው የሚታየን።

ሬዲዮ አድማጭ፦ ለዚያውም ራስታዎቹን ያሳደዳቸው የእንግሊዝ ገዢ ብቻ አልነበረም። በ1963 የፋሲካ ሰሞን በኮራል ጋርደንስ ሲታፈሱ፣ ጸጉራቸው ሲላጭ፣ ሲደበደቡ ሀገሪቱ ነጻ ከወጣች ስምንት ወሯ ነበር። ይቅርታ የተጠየቁት በ2017 ነው። የራሷን ጥፋት በራሷ የምታጠፋ ሀገር ሉዓላዊት ካልሆነች ማን ሊሆን ነው?

የሻሸመኔ ልጅ፦ የሉዓላዊነት ማስረጃህ ይህ ከሆነ እኔ ክርክሩን ትቻለሁ።

ሬዲዮ አድማጭ፦ አልተውክም፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ትመለሳለህ።

ለንደን የከረመች፦ እኔ ግን ወደ ወረቀቱ ልመለስ፤ የማልፈው አይደለም። በ1865 ድርቅ ነበር፣ ሥራ አልነበረም፤ የሴንት አን አውራጃ ድሆች ለንግሥት ቪክቶሪያ አቤቱታ ጻፉ። መሬት ስጪን፣ እናርሳለን፣ ኪራይ እንከፍላለን አሉ። በንግሥቲቱ ስም የመጣው መልስ በአጭሩ ሳታቋርጡ ለባለ እርሻው በደመወዝ ሥሩ የሚል ነበር። ገዢው ኤር ያንን ወረቀት አሳትሞ በየቦታው አስለጠፈው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የባፕቲስቱ ዲያቆን ፖል ቦግል ሰዎቹን ይዞ ሞራንት ቤይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የሆነውን ታውቃለህ። ከአራት መቶ ሰው በላይ ተገደለ፣ ቦግል ተሰቀለ። የወረቀት ንግሥት ነበረች በለኝ እስቲ።

ሬዲዮ አድማጭ፦ ያኔ የእውነት ንግሥት ነበረች! እኔ የምለው ስለ ዛሬው ነው። አንቺ 1865ን አምጥተሽ ቻርልስ ላይ ትለጥፊያለሽ።

ሕግ አንባቢ፦ ከዚያ ታሪክ የሚያስገርመኝ ሌላው ነው። ከሞራንት ቤይ በኋላ የጃማይካ ምክር ቤት ደንግጦ ራሱን በራሱ ድምፅ አፈረሰ፤ ከ1866 ጀምሮ ሥልጣኑ በቀጥታ የለንደን ሆነ። ነጮቹ ባለ እርሻዎች ጥቁር መራጭ ሳይበዛ በፊት ምርጫውን ማጥፋት መረጡ። ሁሉም ዐዋቂ የመምረጥ መብት ያገኘው በ1944 ነው። ዘውዱን የፈለገው ለንደን ብቻ አልነበረም።

ለንደን የከረመች፦ አመሰግናለሁ። ይኸው፣ ዘውዱ የማን መጠለያ እንደነበር።

ባለ ቡና፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ቡናቸውስ? ብሉ ማውንቴን የሚሉት ከእኛው የተገኘ ዘር ነው፤ በ1728 በማርቲኒክ በኩል ነው የገባላቸው። ደሴቲቱ 11 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ናት፣ ሕዝቧ ሦስት ሚሊዮን አይሞላም፣ ከአዲስ አበባ ያንሳል። ቡናቸው ግን በእንጨት በርሜል ታሽጎ ጃፓን ሲገባ ዋጋው የሐረርን ብዙ እጥፍ ነው።

የሻሸመኔ ልጅ፦ ጣዕሙን ከሲዳማ ጋር አታወዳድር! እንደ ሻይ የቀጠነ ነው።

ባለ ቡና፦ ስለ ጣዕም ማን አወራ? እነርሱ ብሉ ማውንቴን የሚባለው ከየትኛው ከፍታ፣ ከየትኞቹ አውራጃዎች እንደሆነ በሕግ ወስነው፣ ስሙን አስመዝግበው፣ በየበርሜሉ የምስክር ወረቀት ያያይዛሉ። ዋጋውን ያመጣው ወረቀቱ ነው።

ለንደን የከረመች፦ ሰምተሃል አድማጭ? ወረቀት ነው ያለው።

ሬዲዮ አድማጭ፦ ቡና ነጋዴ ምስክር መቁጠር ጀመርሽ ማለት ነው።

ባለ ቡና፦ ነጋዴ አይደለሁም፣ ቆዪ ነኝ።

ሕግ አንባቢ፦ ወደ ቁም ነገሩ፦ ሰዎቹ ዛሬ የሚጣሉት በንጉሡ ላይ አይደለም፤ ሁለቱም ፓርቲዎች ይሂድ ይላሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሆልነስ በማርች 2022 ልዑል ዊልያም አጠገባቸው ቆሞ ሳለ መንገዳችንን እንቀጥላለን ብለውታል። ጠባቸው በፍርድ ቤቱ ላይ ነው። የጃማይካ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ አሁንም ለንደን ያለው ፕሪቪ ካውንስል ነው። ተቃዋሚው ንጉሡና ችሎቱ በአንድ ላይ ይሂዱ፣ በካሪቢያን ፍርድ ቤት እንተካው ይላል። መንግሥት ደግሞ መጀመሪያ ዘውዱ፣ ችሎቱ ቀስ ብሎ ይላል። በዲሴምበር 2024 የቀረበው ረቂቅ በዚሁ ንትርክ ላይ እንዳለ ፓርላማው ለሴፕቴምበር 2025 ምርጫ ተበተነና አብሮት ቀረ። ቅድም ያልኳችሁ አንድ ድምፅ አልተገኘም።

የድሮ ሰው፦ ሩቅ ያለ ዳኛ ግን ዘመድ የለውም።

ሕግ አንባቢ፦ ጋሼ፣ እዚያም በርካታ ሰዎች የሚሉት ይህንኑ ነው። በ1993 ሞት ተፈርዶበት ከአምስት ዓመት በላይ የተጠባበቀን ሰው መስቀል ኢሰብዓዊ ነው ብሎ የወሰነው ያ ችሎት ነው። በ2024 የዘፋኙን የቫይብዝ ካርቴልን የግድያ ፍርድም የሻረው እርሱ ነው፤ ምክንያቱ አንድ የጃማይካው የዳኝነት ሸንጎ (ጁሪ) አባል ሌሎቹን በጉቦ ሊያባብል ሞክሯል ተብሎ እየተከሰሰ ከሸንጎው አለመነሣቱ ነበር።

ለንደን የከረመች፦ ደኅና ዳኛ ለማግኘት ውቅያኖስ መሻገር አለባቸው ማለታችሁ ነው? ለዚያውም በቪዛ?

ሕግ አንባቢ፦ እኔ የሚባለውን ነው የነገርኳችሁ እንጂ ይህን አላልኩም።

ለንደን የከረመች፦ «የሚባለውን ነው» ማለትም አንድ መሸሸጊያ ነው። በ1948 በዊንድረሽ መርከብ ጀምረው ከካሪቢያን ወደ እንግሊዝ ስለመጡት ሰዎችና ልጆቻቸውስ ምን ይባላል? ሕጋዊ ሆነው ኖረው፣ ግብር ከፍለው፣ በ2018 ጉዳዩ ሲፈነዳ ማስረጃ የላችሁም የተባሉ፣ አንዳንዶቹም የተባረሩ። ሲገቡ የተሞላውን የመርከብ ካርድ በ2010 ያጠፋው ራሱ የእንግሊዝ መንግሥት ነበር። እኔ ወረቀት ሲባል የምደነግጠው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሬዲዮ አድማጭ፦ ይህን አልክድም፣ አሳፋሪ ነው። ግን ይህ የእንግሊዝ የውስጥ ጉድ ነው። በኦክቶበር 2025 ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ በምዕራብ በኩል የብላክ ሪቨርን ከተማ ሲያፈርሰው ሰው ያሰበው ስለ ንጉሥ ነው? ስለ ጣሪያው ነው።

ለንደን የከረመች፦ የባልደረባዬ እናት ቤት እዚያ አውራጃ ነው። ቆርቆሮው ተገንጥሎ ጎረቤት የማንጎ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ፤ ፎቶውን ስልኳ ላይ አሳይታኛለች። ስለ ጣሪያ ለእኔ አትንገረኝ።

ሬዲዮ አድማጭ፦ አዝናለሁ። እውነቴን ነው።

የሻሸመኔ ልጅ፦ እግዚአብሔር ያጽናቸው። እኔ ግን አንድ ነገር ልበልና...

ሬዲዮ አድማጭ፦ አልነገርኳችሁም? ተመለሰ። ለማንኛውም ለሬዲዮ ጣቢያው ማረሚያ እንዲያነቡ ጽፌያለሁ፦ «ጃማይካ ቅኝ ግዛት አይደለችም፤ ነጻ ሀገር ናት፤ ንጉሥ ግን አላት።»

ለንደን የከረመች፦ «ግን»ን እኔ ነኝ ያስጨመርኩህ።

ሕግ አንባቢ፦ «ርእሰ ብሔሯ ንጉሥ ነው» ቢባል ይሻላል።

የሻሸመኔ ልጅ፦ የትኛው ንጉሥ እንደሆነስ ጽፈሃል?