የዲኤምኤን ሰንጠረዡን ሂት ፖሊሲ ወደ ኤፍ ስንቀይረው ስህተቱ ጠፋ፤ ዋጋውስ ልክ ነው?

ቃሊቲ_ዴሊቨሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቃሊቲ ካለው መጋዘን ለሚወጣ ዕቃ የማድረሻ ዋጋ የሚያሰላ የዲኤምኤን (DMN፣ የውሳኔ ደንቦችን በረድፍ የሚያስቀምጥ ስልት) ሰንጠረዥ አለን። ርቀቱ በኪሎ ሜትር፣ ክብደቱ በኪሎ ነው፤ - ማለት ማንኛውም ቁጥር ይገጥማል ማለት ነው።
ረድፍ 1፦ ርቀት [0..5]፣ ክብደት -፣ 100 ብር
ረድፍ 2፦ ርቀት [5..10]፣ ክብደት -፣ 160 ብር
ረድፍ 3፦ ርቀት [10..20]፣ ክብደት -፣ 250 ብር
ረድፍ 4፦ ርቀት -፣ ክብደት >50፣ 120 ብር (የከባድ ዕቃ ጭማሪ)
ሂት ፖሊሲው (ከአንድ በላይ ረድፍ ሲገጥም ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ቅንብር) ዩ (U) ነው። ወደ ቱሉ ዲምቱ ልክ 10 ኪሎ ሜትር ላይ የሚያርፍ ትዕዛዝ ሲመጣ ከአንድ በላይ ረድፍ ገጥሟል ብሎ ይቆማል። ወደ ኤፍ (F) ሲቀየር ያልፋል። እንደዚያው ብንተወው ችግር አለው?

ገላን፦
አለው። ዩ ለአንድ ትዕዛዝ ሁለት ረድፍ እንዲገጥም አይፈቅድም፤ ሲጮህ ሥራውን እየሠራ ነው። ኤፍ ግን ከላይ ወደ ታች ሲወርድ መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ሌላውን ይተወዋል። 3 ኪሎ ሜትር የሚሄድ 60 ኪሎ ዕቃ ረድፍ 1 ላይ ይቀርና 100 ብር ብቻ ይከፍላል። ረድፍ 4 ተራ የሚደርሰው ርቀቱ ከ20 ሲያልፍ ብቻ ነው።
መጀመሪያ ወሰኖቹን አስተካክሉ። ካሬ ቅንፍ ቁጥሩን ያካትታል፣ ክብ ቅንፍ ያስወጣል፦ [0..5]፣ (5..10]፣ (10..20]። [6..10] ብላችሁ እንዳታመልጡት፤ 5.5 ኪሎ ሜትር የትም ሳይገጥም ባዶ ይመለሳል።

ለቡ_ዴቭ፦
ሲ+ (C+) የሚባለው ሂት ፖሊሲ አይሻልም? የገጠሙትን ሁሉ ይደምራል።

ገላን፦
ይደምራል፣ ግን በዚህ ሰንጠረዥ ላይ አይሆንም። ወሰኑ ሳይታረም ሲ+ ከሆነ 10 ኪሎ ሜትሩ 160 እና 250 ተደምሮ 410 ብር ይመጣል፣ ያውም ያለ አንዳች የስህተት መልእክት። ወሰኑ ቢታረም እንኳ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሰንዳፋ ለሚሄድ 60 ኪሎ ዕቃ የሚገጥመው ረድፍ 4 ብቻ ስለሆነ በ120 ብር ይሄዳል!
ለሁለት ክፈሉት። የርቀቱ ዋጋ በዩ፣ >20 የሚል ረድፍ ተጨምሮበት። ጭማሪዎቹ ለብቻ በሲ+። እዚያ ውስጥ መስፈርቱ - የሆነና 0 የሚመልስ አንድ ረድፍ አስገቡ፤ አለዚያ ከ50 ኪሎ ለማይበልጥ ዕቃ ባዶ ይመለስና ከርቀቱ ዋጋ ጋር መደመር አይቻልም።

አቃቂ፦
ፒ (P) የሚባለው ሂት ፖሊሲም እንዳያጓጓችሁ። የረድፍ ቅደም ተከተል አያይም፤ የሚመርጠው የውጤት ዋጋዎቹ በተዘረዘሩበት ቅደም ተከተል ነው። ካሙንዳ (የዲኤምኤን ሰንጠረዥ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ጭራሹኑ የለም።
ለመፈተሽ 0፣ 5፣ 5.1፣ 10፣ 10.1፣ 20 እና 20.1 ኪሎ ሜትርን እያንዳንዱን በ50 እና በ50.1 ኪሎ አስገቡ። 14 ሙከራ ነው፤ ሰንጠረዡ በተነካ ቁጥር ይደገም።