ባለቤቴ ደም ግፊት ኖሯት ወለደች፤ ከተሰጣት መድኃኒት የቱ ይቀጥል?

የኮምቦልቻው (ጠያቂ)፣ ረቡዕ ከሰዓት

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ሰኞ ማታ ደሴ ወልዳ፣ ዛሬ ጠዋት ኮምቦልቻ ቤታችን ገባን። የመጀመሪያችን ናት፣ ሴት ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ተመስገን። ምጥ ላይ እያለች ግን ግፊቷ 160/110 ደረሰና ሩጫ ሆነ። በዚያ ግርግር ምን እንደተሰጣት የነገረን የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በደም ሥር ቀስ እያሉ የሰጧት መርፌ ነበር። «ሰውነቴ ተቃጠለ» አለች። ከዚያ ሁለቱንም መቀመጫዋን ወጓት፤ እስካሁን ያማታል። በየሰዓቱ እየመጡ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያደርጉ ነበር። ምን ነበር? ልጅቷ እንደወጣች ጭኗ ላይ የተወጋችውስ?

ለቤት የታዘዘላት ኒፌዲፒን 20 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ፓራሲታሞልና አይረን ነው። አማቴ ግን «ወልዳ ተገላግላለች፣ ግፊቱ ከእንግዴ ልጁ ጋር ወጥቷል፤ ክኒኑ በወተት ለልጅቷ ይገባል» ብለው ኒፌዲፒኑን ደብቀውታል። የምሬን ነው፣ ደብቀውታል። ጎረቤታችን ደግሞ «አምፒሲሊን ካልወሰደች ማህፀኗ ያመረቅዛል» ትላለች። ወረቀቱ ላይ አምፒሲሊን የለም። ማንን ልስማ?

ሚድዋይፍ ከወልድያ

እንኳን ማርያም ማረችላችሁ። መጀመሪያ ኒፌዲፒኑን ከተደበቀበት አውጣና የማታውን ስጣት። ሌላውን ከዚያ በኋላ እናወራለን።

አማትህ ግማሹን እውነት ብለዋል። የእርግዝና ግፊት የሚሻለው በመውለድ ነው። ግን በአንድ ቀን አይጠፋም። ብዙ ሴቶች ላይ ከወለዱ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ባለው ጊዜ ተመልሶ ከፍ ይላል። ባለቤትህ ገና እዚያ ውስጥ እየገባች ነው። በእኔ እምነት ቶሎ ነው የወጣችሁት። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወስደህ አስለካት። ክኒኑን የሚቀንሰውም የሚያቆመውም ሐኪም ነው። ሳታኝክ ትዋጠው፤ እንዳይሰባበር። ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ስለሆነ ለሚያጠቡ እናቶች የሚመረጥ መድኃኒት ነው። እግሯ ትንሽ ሊያብጥ፣ ፊቷ ሊሞቅ ይችላል፤ አትደንግጡ።

የሚያቃጥለው ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። 4 ግራም በደም ሥር፣ ከዚያ በእያንዳንዱ መቀመጫ 5 ግራም። ሙቀቱ ባሕርይው ነው፣ ሁሉም ይሉታል። ይህ ግፊት አውራጅ አይደለም። እንዳትንቀጠቀጥ፣ ራሷን እንዳትስት ነው የሚሰጣት። ከወለደች በኋላም እስከ 24 ሰዓት ይቀጥላል። መዶሻው የዚሁ ክትትል ነው፦ መድኃኒቱ በሰውነት ከበዛ የጉልበቱ ምላሽ ቀድሞ ይጠፋል። ትንፋሿና ሽንቷም ይታያል። ካስፈለገ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው። ወተቷን አይጎዳም፣ ጡት ታጥባ።

ጭኗ ላይ የተወጋችው ኦክሲቶሲን ነው፤ 10 ዩኒት፣ ልጅ በወጣ በ1 ደቂቃ ውስጥ። ማህፀን እንዲኮማተርና ብዙ ደም እንዳይፈስ ለሁሉም ወላድ ይሰጣል። ለዚሁ ሥራ የሚሆን ኤርጎሜትሪን የሚባልም አለ፤ እሱ ግን ግፊት ስለሚጨምር ለእሷ ዓይነቷ አይሰጥም። ደሙ እምቢ ካለ ደግሞ ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በደም ሥር ይገባል፤ ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ መሆን አለበት።

እመ ሦስት፣ ሐይቅ

አልሃምዱሊላህ፣ እንኳን አላህ በሰላም ገላገላት ልጄ።

ስለ ኦክሲቶሲኑ አንድ ልጨምር። መርፌው ፍሪጅ ይፈልጋል። እኔ መካከለኛዋን የወለድኩት መብራት በሌለበት ገጠር ነው። እዚያ በመርፌው ፈንታ ሦስት ፍሬ ክኒን አስዋጡኝ፤ ሚሶፕሮስቶል ይባላል አሉኝ። ከዚያ እንዴት እንዳንቀጠቀጠኝ! ትኩሳትም ነበረው። እናቴ ወባ መስሏት ጋቢ በጋቢ አደረገችኝ። በኋላ ነው የክኒኑ ጠባይ መሆኑን የነገሩን። ሰዓታት ቆይቶ ለቀቀኝ።

አማትህን አትጋፋቸው። ለልጃቸው ፈርተው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወደ ቤት ጥራት፤ አብሽም ሆነ ቡና ቀርቦ ቁጭ ትበል፣ ከእሷ አፍ ይስሙት። ገንፎውንና አጥሚቱን እሳቸው ይያዙ፣ ክኒኑን አንተ ያዝ። ለሕፃኗ ግን ቅቤ እንዳያልሷት። እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ውሃም አያስፈልጋት።

ባለ ባጃጁ

ወንድሜ አታካብድ። አምፒሲሊን ግዛላት፣ ምንም አይላትም። የእኔም ሚስት ስትወልድ ሁሌ እገዛላታለሁ፤ ለክፉም ለደጉም።

ፋርማሲስት፣ ደሴ

ባለ ባጃጁ፣ እንዲህ ብለው መደርደሪያዬ ፊት የሚቆሙ ባሎች ብዙ ናቸው። ይኸው እዚህም መልሴ ያው ነው። በምጥ በሰላም ለወለደች ሴት «ለክፉም ለደጉም» የሚባል አንቲባዮቲክ የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። በኦፕሬሽን ለምትወልድ ከመቀደዷ በፊት ይሰጣታል። እስከ ፊንጢጣ ጡንቻ ለተቀደደችም ይሰጣል። ትኩሳት ወይም የሚሸት ፈሳሽ ካለ ደግሞ መታከም ነው፤ ያም ቢሆን በአምፒሲሊን ክኒን ቤት ውስጥ የሚያልፍ ነገር አይደለም፣ ሆስፒታል ነው። ያለ ምክንያት ከተወሰደ ሕፃኗን ሊያስቀምጣት፣ አፏንም ነጭ ሊያደርገው ይችላል።

ፓራሲታሞል ለሚያጠቡ ችግር የለውም። ባለ 500 ሁለት ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ እንዳያልፍ። ትራማዶልና ኮዴይን ያለበትን ማንም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ፤ በወተት አልፎ የሕፃን ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለሌሎች አራሶች ይታዘዛሉ፤ እሷ ግፊት ስላለባት ሐኪሟን ሳትጠይቁ አትጨምሩ።

አሁን ጥያቄ ለአንተ። የእርግዝና ክትትል ካርዷ ላይ የደም ዓይነቷ ምን ይላል? ዛሬውኑ እየው።

የኮምቦልቻው

ኦ ኔጌቲቭ ይላል። እኔ ኤ ፖዘቲቭ ነኝ። ምነው?

ፋርማሲስት፣ ደሴ

የሾተላይ መርፌ ተወግታለች? አንቲ ዲ የሚባለው። ካልተወጋች አትተኛበት። ልጅቷ ፖዘቲቭ ከሆነች መርፌው ከተወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ሰኞ ማታ ካልክ፣ ነገ ሐሙስ ማታ ያልቃል ማለት ነው።

ለዚች ልጅ አይደለም የሚሰጠው፤ ለቀጣዩ ነው። የልጅቷ ደም ከእናትየው ደም ጋር ሲነካካ የእናት ሰውነት እንደ ጠላት ይመዘግበዋል። በሚቀጥለው እርግዝና ፅንሱን የሚያጠቃው ያ ነው። እናትየዋ ቀድሞ እንዳልመዘገበች ለማየት ኩምብስ የሚባል ምርመራ ያዛሉ።

ሁሉም ቦታ አይገኝም፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሄደህ ከመሮጥ በስልክ ጠያይቅ፤ ደሴም ወልድያም። ከፋርማሲ ራስህ ከወሰድክ በበረዶ ሳጥን ይዘህ ሂድ፤ ኮምቦልቻ ሙቀቱን ታውቀዋለህ። ሰዓቱ ቢያልፍም ሐኪም ሳያይ «አበቃ» እንዳትል።

የኮምቦልቻው፣ ሐሙስ ማታ

አመሰግናለሁ፣ እውነት። ልጅቷ ቢ ፖዘቲቭ ናት… ይቅርታ፣ ኤ ፖዘቲቭ፤ እንቅልፍ የለኝም። መርፌውን ደሴ አገኘነው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተወጋች። ከመውጣታችን በፊት ማንም አላነሳውም ነበር፤ ያናድዳል፣ ግን ይሁን።

ግፊቷ ጠዋት ጤና ጣቢያ 150/100 ሆነ። ስለዚህ እዚያው ደሴ ሐኪም አያት፣ የኒፌዲፒኑን መጠን ጨመረላት። አማቴ አብረውን ነበሩ፣ ቁጥሩ ሲነበብ ሰምተዋል። አሁን ሰዓት ጠብቀው የሚያውጧት እሳቸው ናቸው።

አንድ የቀረኝ፦ ራስ ምታት ካላት ፓራሲታሞል ሰጥቼ ልጠብቅ?

ሚድዋይፍ ከወልድያ

ቀላልና በእረፍት የሚተዋት ከሆነ አዎ። ከባድ ከሆነ፣ ዓይኗ ከጋረዳት፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር ካመማት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ወይም አንድ ሞዴስ በሰዓት ከሞላ አትጠብቅ፣ በሌሊትም ቢሆን ውሰዳት። ይህ እስከ 6 ሳምንት ይሠራል። የወሊድ መከላከያ ስትመርጡም ግፊቱን ንገሯቸው፤ ኢስትሮጅን ያለበት ክኒን ለእሷ አይሆንም። ለቀጣዩ እርግዝና ደግሞ ከ12ኛው ሳምንት አካባቢ ሐኪም ትንሽ መጠን ያለው አስፒሪን ሊጀምርላት ይችላል። ስለዚህ ክትትል በጊዜ ትጀምር።

እመ ሦስት፣ ሐይቅ

የአይረኑን ነገር ረሳችሁት። ሰገራዋ ቢጠቁር እንዳትደነግጡ። ደግሞ አራስ ቤት ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል፤ ክኒኑን በቡና ነው የምታወርደው?

የኮምቦልቻው

በቡና ነው እትዬ። ከአቦሉ ጋር።

ፋርማሲስት፣ ደሴ

ቡናም ሻይም አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ከቡናው 2 ሰዓት ያህል አራርቁት፣ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ትዋጠው። ሆድ ድርቀት ካመጣባት ውሃና ተልባ ይረዳታል። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ትቀጥል፤ ድካሙ ቀለለኝ ብላ እንዳታቋርጠው።

የኮምቦልቻው

እሺ። ሌሊት ከመተኛቷ በፊት አደርገዋለሁ፤ ያኔ ቡና የሚያፈላ የለም። ከጎረቤታችን በስተቀር።