ከእናቱ የተለየው ልጅ፦ ለአጭር ፊልማችን የጋራ የዕቅድ ውይይት (ደሴ–ኮምቦልቻ)

ሰብሳቢ፦
እንዴት ሰነበታችሁ። ከማመልከቻችን ጋር የሚገባው ረቂቅ እስካሁን እንዲህ ነው፦ የ15 ደቂቃ ፊልም፣ ጊዜው ጥቅምት 2014። የ9 ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር ከደሴ ወደ ባቲ ሲሸሽ መናኸሪያ ላይ ይለያትና በሌላ መኪና ኮምቦልቻ ይደርሳል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ጣሊያን ደሴን የደበደበበት ቀን ይሁን ያላችሁም ነበራችሁ። ታሪኩ ይገባዋል፤ ግን ፒያሳን ከመብራት ምሰሶና ከባጃጅ ማጽዳት ከአቅማችን በላይ ነው። ሌላውን በየክፍላችሁ አርሙት።

ድርሰት፦
ሦስት የተኩስ ትዕይንቶች አሉ፤ ሦስቱም ይውጡ። ልጁ ያላየውን ካሜራውም አይየው። የፊልሙ ልብ ልጁ ኮምቦልቻ ሲደርስ የሚመዘገብበት ትዕይንት ነው። መዝጋቢዋ የእናቱን ስም ስትጠይቀው “እማዬ” ይላል፤ ቀበሌውን አያውቅም። ስለዚህ ትንንሽ ልጆች የሚጠየቁትን ትጠይቀዋለች፦ ውሃ የምትቀዱት ከየት ነው? ቤታችሁ አጠገብ መስጊድ አለ? ገበያችሁ መቼ ነው? “ሰኞ” ይላታል። የባቲ ገበያ የሚውለው ሰኞ ነው፤ ልጁ ያለው እሱን ነው። እሷ ግን ከደሴ መምጣቱን ስለምታውቅ “ሰኞ ገበያ ሰፈር” ብላ የደሴውን ሰፈር ትጽፋለች። ፍለጋው ወደ ደሴ ይመለሳል፤ እናትየው ባቲ ደርሳለች። ይህን ስሕተት ተመልካቹ ከልጁ ቀድሞ ይወቀው።

የሕፃናት ጉዳይ፦
በዚህ እስማማለሁ። ሦስት ነገር ግን ይታረም። የልጁ ፎቶ ከነስሙና ካረፈበት ቤት ጋር ግድግዳ ላይ መለጠፉ ይውጣ፤ አድራሻው ከታወቀ “የኔ ነው” ብሎ የሚወስደው ሰው ሊመጣ ይችላል። እናት ነኝ ያለችውም የምትናገረውና ልጁ የሚናገረው ለየብቻ ተወስዶ ሳይመሳከር ልጁ አይሰጥም። መጨረሻ ላይ በስልክ መገናኘታቸውም አያስኬድም፤ ያን ሰሞን ስልክ ተቋርጦ ነበር። በቀይ መስቀል መልእክት ይሁን፦ የቤተሰብ ወሬ ብቻ የሚጻፍበት፣ ሳይታሸግ የሚላክ ወረቀት።

ተዋናዩን በተመለከተ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። ልጁን በጀቱ ላይ “ተቀጣሪ” ብለን ካስገባነው ማመልከቻው እዚያው ይወድቃል። እንዴት እንደሚሳተፍ የሚመለከተውን ቢሮ በጽሑፍ እንጠይቅ። ከዚያ በፊት ምልመላ አይጀመር። ራሱ የተፈናቀለ ልጅ አይመረጥ። ሥራው በቀን ከ4 ሰዓት በላይ አይሁን፣ ወላጁ ሁልጊዜ ቦታው ላይ ይኑር። “እናትህ ሞተች እንበል” እያሉ ማስለቀስ ክልክል መሆኑ ማመልከቻው ላይ ይጻፍ፤ ለቅሶ ካስፈለገ ከጀርባው ይቀረጽ።

ካሜራ፦
የልጁ ዓይን ከመሬት 120 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ መናኸሪያውን በሙሉ ከዚያ ከፍታ እንቅረጸው። በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ 30 ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ ከቆመ ሕዝብ ይመስላል። ሰፊ ሌንስ ከተጠቀምን ግን ባዶው ቦታ ያጋልጠናል። የመለያየቷ ቅጽበት እጅ ብቻ ናት፦ እናትየው ጓዟን ወደ መኪናው ጣሪያ ለማቀበል እጁን ትለቃለች፣ ልጁ ቀሚሷን ይይዛል፣ ቀሚሱ የሌላ ሴት ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50 ሰከንድ ይሁን፤ አለዚያ የምዝገባው ክፍል አምፖል ይርገበገባል።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ወንድሞች ሁሉንም እዚያ እንቅረጽ ብላችኋል። ትራንስፖርት ይተርፋል፣ ግን የደሴ ጉምና ብርድ ከዚያ አይገኝም። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ደሴ ላይ የለበሰውን ሹራብ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ አውልቆ ወገቡ ላይ ያስረው። ቀረጻው ከጥቅምት አጋማሽ አይለፍ። ኅዳር ላይ አጨዳ ይጀመራል፣ የመንገዱ ዳር መልክ ይለወጣል። የካቲትን አታስቡት፣ በልግ ይገባል።

ድምፅ፦
ቦታው ላይ ምንም ነገር አይተኮስ፣ ርችትም ቢሆን። ሰዉ ገና ይደነግጣል። የሩቅ ከባድ መሣሪያ በኤዲቲንግ ይገባል፦ ብልጭታው ጦሳ ተራራ ላይ ከታየ በኋላ ድምፁ በየኪሎ ሜትሩ 3 ሰከንድ ገደማ ይዘገያል። አንድ ላይ ከገቡ ውሸት መሆኑን ደሴ ያለ ሰው ወዲያው ያውቃል። የደረት ማይክ ሹራብ ውስጥ ስለሚፋጭ ልጁን በቡም (በረጅም ዘንግ ላይ በሚያዝ ማይክ) እንቅዳ። በየቦታው ማንም ሳይናገር 1 ደቂቃ የቦታው ባዶ ድምፅ ይወሰድ፤ ጄኔሬተሩ ቢያንስ 50 ሜትር ርቆ ከግንብ ጀርባ ይቀመጥ።

ሒሳብ፦
15 ገጽ በቀን 3 ገጽ ቢሆን 5 ቀን ነበር። የልጁ 4 ሰዓት ሲገባ ግን 7 ቀን ይሆናል፤ የምግቡም የመኪናውም በጀት በ7 ይባዛ። 10 በመቶ መጠባበቂያ፣ ለምስሉ ደግሞ ሁለት ሃርድ ዲስክ ጨምሬያለሁ፤ ሁለቱ በተለያየ ቤት ይደሩ።

ሰብሳቢ፦
አላህ ይስጣችሁ። ተኩሱም ስልኩም ወጥቷል፣ የ7 ቀኑ በጀት ይጸድቃል። የሕፃናት ጉዳይ የጥያቄውን ደብዳቤ ሰኞ አስገቡ። ድርሰት የምዝገባውን ትዕይንት ለብቻው ጽፋችሁ ላኩ፤ ከማመልከቻው ጋር እንደ ናሙና ይያያዛል። ካሜራ የመናኸሪያውን ፈቃድ ጥያቄ ለፖሊስም በግልባጭ አድርሱ። የቢሮው መልስ እስኪመጣ ማንም ልጅ እንዳይጠራ።